የአሰቤው ክር

አሰቤውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በ1990 ዓ.ም. ክረምት ነው። ዶሮ ማነቂያ፣ ከወፍጮ ቤቱ ዝቅ ብሎ። ዝናቡ አባርቶ ለኳስ ስንወጣ አንድ ቀጭን ልጅ ቦዩ ጠርዝ ላይ ቆሞ ጎርፉን ያያል። ጠጋ ስንለው ዞር አለና "ይሄ ሁሉ ውሃ የት ነው የሚሄደው?" አለን። መልስ አልነበረንም። ጎርፍ ጫማ እንደሚያበላሽ እናውቃለን እንጂ የት እንደሚሄድ ጠይቀን አናውቅም።

የመጣው ከአሰብ ነው። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሳ። ወደቡ ላይ ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ቤታቸውን እየዘጉ ወጡ። እሱም ከእናቱና ከታናሽ እህቱ ጋር ወጥቶ ፒያሳ አክስቱ ቤት ገባ። አባቱ ከወራት በኋላ ደረሱ። ሰፈር ውስጥ በእውነተኛ ስሙ የሚጠራው የለም። አሰቤው አልነው፤ በዚያው ቀረ።

አሁን ሁላችንም ወደ አርባ ተጠግተናል። ባለፈው ጥር አራት ሆነን ላንጋኖ ሄድን። ዓሣ ልናጠምድ፣ ድንኳን ተክለን ሁለት ሌሊት ልናድር። ስለዚያ ቅዳሜና እሑድ ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ከሐይቁ እየጀመርኩ ነበር። መጀመር የነበረብኝ ከሰፈሩ ነው።

ዶሮ ማነቂያ አሁን የለም። በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈረሰ። ዛሬ ብታልፉ የምታዩት ሰፊ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ ብዙ መብራት ነው። ያምራል። ማታ ማታ ልጆቼን ይዤ እሄድበታለሁ። እዚህ ጋ ነበር የተወለድኩት ብዬ ላሳያቸው እፈልግና "እዚህ ጋ" የምለው ቦታ ይጠፋኛል። የእኛ በር ከዛፉ በፊት ነበር ወይስ በኋላ? ዛፉ ራሱ የቱ ነበር?

ሰዉ ተበትኗል። ገላን ጉራ የገባ አለ፣ ቦሌ አራብሳ የተከራየ አለ፣ ዘመድ ጋ የተጠጋ አለ። ድሮ ለመገናኘት ቀጠሮ አያስፈልገንም ነበር፤ በር ከፍቶ መውጣት ይበቃል። አሁን "እንገናኝ እንጂ" እንባባላለን፣ ወር ያልፋል፣ ደግሞ "እንገናኝ እንጂ" እንባባላለን።

የማንቀርበት አንድ ቀን ግን አለን። ከተራ። የአራዳ ጊዮርጊስ ታቦት ወደ ጃን ሜዳ ሲወርድ የሰፈሩ ልጅ ካለበት ይመጣል። ዘንድሮም ተገናኘን። አምበሉ ነበር። አንድ ጊዜ የሰፈር ዋንጫ አንሥቶልናል፤ ስሙ እስከ ዛሬ አምበሉ ነው። ወፍጮም ነበር፣ የወፍጮ ቤቱ ልጅ። ታቦታቱ ድንኳናቸው ከገቡ በኋላ ነጠላችንን ትከሻችን ላይ ጣል አድርገን ሳሩ ላይ ተቀመጥን። ወፍጮ ድንኳኖቹን እያየ "እኔ ድንኳን ውስጥ አድሬ አላውቅም" አለ። አምበሉ ደግሞ "ለምን አንድ ቀን ውሃ ዳር አናድርም?" አለ። ላንጋኖ ተባለ። ዓሣም ተነሳ።

ያን ጊዜ አሰቤው "መንጠቆ ካለ እመጣለሁ" አለ።

ሦስታችንም ዞር ብለን አየነው። ምክንያቱ ይሄ ነው። አሰቤው ዓሣ አይበላም። በየሁዳዴው ዓሣ ይጾማል፣ አይጾምም የሚለው ክርክር በዚህ ከተማ ይነሳል፤ የሚበላው ይበላል፣ የሚተወው ይተዋል። እኛ ዓሣ ቤት ገብተን ጉላሽና ዱለት ስናዝ እሱ ሽሮ ያዛል። የጾም ጉዳይ ይመስለን ነበር። በፍስክም ሽሮ ያዛል። ለምን ብሎ የጠየቀው ሰው ትዝ አይለኝም።

ደግሞ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በልጅነታችን ኳስ ለማየት ከፒያሳ ስታዲየም በእግራችን እንወርድ ነበር። ቸርችል ጎዳናን ጨርሰን ለገሃር ስንደርስ እኛ በይሁዳ አንበሳ ሐውልት በኩል ወደ ስታዲየም እንሮጣለን። አሰቤው ይቀራል። ለገሃር ያለው የመርከብ ድርጅቱ ሕንጻ ፊት ተገትሮ ይቆማል። እኛ የቅዱስ ጊዮርጊስን ተጫዋቾች ከነቁጥራቸው ስንደረድር እሱ መርከብ ይደረድር ነበር። ዓባይ ወንዝ። ኦሞ ወንዝ። ነበልባል። "አባዬ ናቸው ዕቃቸውን የሚያወርዱት" ይለን ነበር። አባቱ አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ሠራተኛ ነበሩ። አዲስ አበባ ከመጡ በኋላ ፒያሳ አንድ ሕንጻ ላይ የሌሊት ጥበቃ ሆኑ። እኛ የምናውቃቸው ጋሼ ጥበቃው ናቸው። ጥቁር ካፖርት፣ ዱላ፣ ትንሽ ሬዲዮ።

መንጠቆ ፍለጋ መርካቶ የሄድነው እኔና እሱ ነን። ግማሽ ቀን ዞርን። በመጨረሻ ገመድና ፕላስቲክ የሚሸጥ ሰው ጋ አገኘን። አሰቤው መንጠቆውን አንድ በአንድ እያነሳ በአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ስሉን ሞከረ። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው እንደሚያንስ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ክሩን በጥርሱ ሳብ አድርጎ ፈተሸ። ክሩን ወደ ታች የሚጎትት እርሳስ ጠይቀን አጣን። "ግድ የለም" አለና ወደ አንድ ጋራዥ ወሰደኝ። መካኒኩን ያረጀ ካንዴላ ጠየቀው። ስድስት ካንዴላ በነጻ ሰጠን። "አሰብም በዚህ ነበር" አለኝ። ስለ አሰብ እንዲህ ሳይጠየቅ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ወጣን። መንገዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ መታጠፍ ነው። መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን። ዝዋይን ስናልፍ አምበሉ "ዓሣ ከዚህ ገዝተን ብንሄድስ፣ ባይቀናንስ?" አለ፤ ወፍጮ ተቆጣው። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ድንኳን መትከያ ካለው አንድ ሎጅ ቦታ ያዝን።

የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ነው። ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል። ከሥሩ የሚነሳው ደቃቅ ጭቃ አይረጋም፤ ውሃው ላይ እንደተንሳፈፈ ይኖራል። አሰቤው ጫማውን አውልቆ እስከ ጉልበቱ ገባና እፍኝ ውሃ አነሳ። ቀመሰው። ተፋው። ምንም አላለም። ወጥቶ ድንኳኑን ከእኛ ጋር ይተክል ጀመር።

ሌሊቱን ነፋሱ አላስተኛንም። ካስማው እየተነቀለ ድንኳኑ ይራገባል። ሁለት ጊዜ ተነስተን ድንጋይ ጫንበት። ሞገዱ ዳርቻውን ሲመታ ይሰማል፤ ይመታል፣ ይሸሻል፣ ይመታል። ወፍጮ በጨለማው ውስጥ "ባሕር እንዲህ ነው?" አለ። አሰቤው ቆይቶ "ድምፁ ይሄ ነው" አለ።

ሐይቅን ባሕር ማለት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ባሕር ዳር የተባለችው በጣና ነው። ጣና ዳር ያለ ሰውም "ባሕሩ" ይላል። አያቴ የጎጃም ሰው ነበሩ፤ ባሕር ሲሉ በሐሳባቸው የሚመጣው ጣና ነበር። ጨው ያለበትን ባሕር ሳያዩ አረፉ። እኔም እስከ ዛሬ አላየሁትም። ከአራታችን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ለ28 ዓመት አጠገባችን ሲቀመጥ ባሕሩን አንድ ቀን በቅጡ አልጠየቅነውም። ልጅ ሆነን "ሻርክ አይተሃል?" ብለነው ነበር። "አላየሁም" አለ። የእኛም ጥያቄ እዚያ ላይ አለቀ። ይሄን ሳስበው አሁንም ይከብደኛል።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ነፋሱ ቆመ። ውሃው እንደ ሰሃን ተዘርግቷል። አሰቤው ከቦርሳው በሻሽ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ሻሹን ፈታው። መዳፍ የሚያህል እንጨት ነው፣ በሁለቱ ጫፍ ጥርስ ጥርስ የወጣለት። ላዩ ላይ ቢጫ የሆነ የናይሎን ክር በእኩል በእኩል ተጠምጥሟል።

"የአባዬ ነው" አለ።

ጋሼ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዓሣ ያጠምዱበት የነበረ ክር ነው። ከአሰብ ሲወጡ ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተው አመጡት። ዶሮ ማነቂያ ቤታቸው ውስጥ አልጋው ራስጌ ምስማር ላይ ተሰቅሎ ኖረ። እዚያ ቤት ስንት ጊዜ ገብቼ ስንት ቡና ጠጥቻለሁ! አይቼው ይሆናል። ምንድን ነው ብዬ አላውቅም። ጋሼ ካረፉ አሥር ዓመት አልፏል። ቤቱ ሊፈርስ ዕቃ ሲወጣ አሰቤው መጀመሪያ ያወረደው እሱን ነው።

ካንዴላውን አሰረ። መንጠቆው ላይ ትል ሰካ። ውሃው ውስጥ እስከ ጭኑ ገባ። ክሩን ጭንቅላቱ ላይ ሁለት ጊዜ አሽከርክሮ ለቀቀው።

ክሩ አየር ላይ ተበጠሰ። ካንዴላው ብቻውን ሄዶ ጠብ አለ። ናይሎን ሲያረጅ ይደርቃል፤ ፀሐይና ዘመን ይበላዋል። ቀሪው እጁ ላይ እንደ ገለባ ተሰባበረ።

አሰቤው ውሃው ውስጥ ቆሞ ቀረ። እኛም ዳር ላይ ቆመናል። ምን ይባላል? ወፍጮ አንድ ነገር ሊል ሲል ክንዱን ያዝኩት።

አምበሉ ነው የገባው። ሱሪውን ሳይሰበስብ ገባ። እንጨቱን ከአሰቤው እጅ ወሰደና ወደ ዳር መልሶት መጣ። የተሰባበረውን ክር ሰብስቦ በሻሹ ጠቀለለው። ከመርካቶ ያመጣነውን አዲሱን ክር አንሥቶ እንጨቱ ላይ ይጠመጥም ጀመር። አሰቤው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። ጥቂት አየውና "እንዲህ አይደለም፣ ላላ አድርገው" አለ። "ሲጠብቅ እንጨቱን ይነክሳል፣ ስትወረውር አይለቅህም።" እጁን ዘርግቶ ክሩን ይዞለት ተቀበለው። አንዱ እየያዘ አንዱ እየጠመጠመ፣ አሰቤው አወራ።

ካምፖ ሱዳንን አወራን፣ ያደገበትን ሰፈር። ሙቀቱን፤ አልጋ ወደ ውጭ አውጥተው ሰማይ ሥር እንደሚተኙ። ጠዋት ሲነሱ አንሶላው በባሕር ጨው እንደሚጣበቅ። ባሕሩ እንደሚሸሽና እንደሚመለስ፤ ሲሸሽ ልጆች ባዶው ላይ እንደሚሯሯጡ፣ ሲመለስ እናቶች ከሩቅ እንደሚጣሩ። ውሃው በጣም የጠራ ስለሆነ መንጠቆህን እስከ ታች እንደምታየው። ዓሣው መጥቶ ሲያሸተው፣ ሲያመነታ፣ ትቶት ሲሄድ ታያለህ አለ። "አባዬ ግን አትየው ይሉኝ ነበር። ካየኸው ትቸኩላለህ። ዓይንህን ጨፍን፣ በጣትህ ስማው ይሉኛል።"

"እዚህ ከመጣን በኋላ አንድ ጊዜ ጠይቄያቸው ነበር" አለ። "አባዬ፣ መቼ ነው ዓሣ የምንሄደው አልኳቸው። ለሥራ ሊወጡ ካፖርታቸውን እየለበሱ ነበር። እዚህ ባሕር የለም እኮ፣ ልጄ አሉኝ። ሁለተኛ አልጠየቅኳቸውም። ዓሣም አላማረኝም።"

ማንም ምንም አላለም። ከፒያሳ ካፌዎች በአንዱ ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ አንዳችን አንድ ነገር እንል ነበር። አይዞህ እንል ነበር፣ ወይ ወሬ እንቀይር ነበር፣ ወይ ስልክ ይጮህ ነበር። ዓሣ ማጥመድ የሚሰጥህ ትልቁ ነገር ይሄ ይመስለኛል። አራት ሰው አንድ ወገን ወደ ውሃ ዞሮ ይቀመጣል። ፊት ለፊት አይተያይም። ክር በእጅህ ስላለ ዝም ማለት ያለብህ ይመስልሃል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ሰው የ28 ዓመቱን ያወጣል።

አዲሱ ክር ሄደ። በዚያ ቡናማ ውሃ ውስጥ መንጠቆ አይታይም። የግድ በጣት መስማት ነው። አሰቤው ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። እኛም ጨፈንን። ሰዓት አልያዝኩም። ፀሐይዋ ጀርባችንን ማሞቅ ስትጀምር ጣቱ ንቅንቅ አለች። አንድ፣ ሁለት። ሳበ።

ቆሮሶ ነበር። የእጅ መዳፍ ከነጣቱ ያህላል። ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ተቆጥቶ ቆሟል። አሰቤው ከራሱ ወደ ጅራቱ በመዳፉ ደባብሶ እሾሁን አስተኛና መንጠቆውን አወጣ። እስከ ቀትር ሦስት ያዝን። አንዱ የእኔ ነው። ጣቴ ላይ የተሰማኝን ነገር እስከ ዛሬ እንደያዝኩት አለሁ፤ ሰው በር ሲቆረቁር ይመስላል፣ ግን ከታች።

ወፍጮ አምባዛ ያዘ። ቅርፊት የለውም፣ ጺም አለው። ወፍጮ ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም፤ ኦሪት ዘሌዋውያን ላይ ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ ስለተባለ ከቤቱ የወረሰው ነው። ባልዲ ውስጥ አስቀምጠነው ምሳ በላን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይተን ስናየው አፉን ብቅ እያደረገ አየር ይስባል። አምባዛ ከውሃ ውጭ አየር መተንፈስ ይችላል። ወፍጮ ባልዲውን ተሸክሞ ሄዶ መለሰው። ማንም አልተከራከረውም።

ከሰዓት በኋላ አንድ የአካባቢው ዓሣ አጥማጅ መረባቸውን ሊያራግፉ ዳር ወጡ። ኦቦ ብለን ሰላም አልናቸው፣ አጠገባቸው ቁጢጥ አልን። መረባቸው ውስጥ የገባች አንዲት ቆሮሶ አንሥተው አፏን በአውራ ጣታቸው ከፈት አደረጉት። ውስጡ በቢጫ እንቁላል ተሞልቷል። የዚህ ዓሣ እናት እንቁላሏን በአፏ ትይዛለች፤ ጫጩቶቹም ተፈልፍለው እስኪጠኑ እዚያው ይኖራሉ። በእነዚያ ቀናት አትበላም። "መንጠቆ አትይዛትም" አሉን። "መረብ ግን አይለይም።" ቀስ ብለው ውሃው ውስጥ አጥልቀው ለቀቋት። ጥቂት እንቁላል ጣታቸው ላይ ቀርቶ ነበር። እሱንም ውሃው ውስጥ አለቀለቁት።

አሰቤው ለረጅም ጊዜ እዚያ ቦታ ላይ ተቀምጦ ቀረ። ምን እንዳሰበ አልጠየቅኩትም።

የቅዳሜ ማታውን እሳት፣ የጀበናውን ቡና፣ የአምበሉን ዘፈን አልዘረዝርም። ጥሩ ነበር። ቆሮሶዎቹን በጨውና በሎሚ ብቻ አሽተን ፍም ላይ ጠበስን። አሰቤው አንዱን አንሥቶ ከጀርባው በኩል ሥጋውን ከአጥንቱ ለየ፤ እጁ አልረሳም። ለእኔ አጎረሰኝ። ለአምበሉ አጎረሰ፣ ለወፍጮ አጎረሰ። ከዚያ ራሱ በላ።

እሑድ ጎህ ሲቀድ እንደገና ወጣን። አምስት ያዝን። እነዚያን አልነካንም። ሆድ ዕቃቸውን አውጥተን ከነቅርፊታቸው በበረዶ አሸግን። አሰቤው "ለእማዬ" አለ።

አዲስ አበባ ስንገባ መሽቷል። በመስቀል አደባባይ፣ በስታዲየም አድርገን ለገሃር ደረስን። የሚነዳው አምበሉ ነበር። የመርከብ ድርጅቱ ሕንጻ ጋ ሲደርስ ማንም ሳይነግረው ፍጥነቱን ቀነሰ። አሰቤው በመስኮቱ አየ። ወፍጮ ከኋላ "ዓባይ ወንዝ" አለ። እኔ "ኦሞ ወንዝ" አልኩ። ለካ ሁላችንም ይዘነዋል። አሰቤው "ነበልባል" አለና መስኮቱን ዘጋው።

እማማ የሚኖሩት ልደታ ኮንዶሚኒየም ልጃቸው ጋ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። በሩን ሲከፍቱ ሽታው ቀድሞን ገባ። ፌስታሉን ተቀበሉና ከፈቱት።

"ቆሮሶ" አሉ። "የባሕር አይደለም።"

"የላንጋኖ ነው፣ እማዬ።"

"በምን ያዝከው?"

አሰቤው እንጨቱን ከኪሱ አወጣ። እማማ ወደ መብራቱ ጠጋ አድርገው አዩት። አዲሱን ክር በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"ክሩ የሱ አይደለም።"

"ተበጠሰ።"

ዝም አሉ። አውራ ጣታቸውን እንጨቱ ጫፍ ላይ ባሉት ጥርሶች ላይ አንድ በአንድ አሳለፉት። "ይሄን በምን እንደቀረጸው ታውቃለህ?" አሉ። "በኔ የሽንኩርት ቢላዋ። አዲስ ነበር። ስንት ቀን ነው የተኳረፍነው!" እንጨቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሳህን አመጡ፣ ሦስት ቢላዋ አመጡ። አንዱን ለእኔ ሰጡኝ።

ዓሣውን ይዤ ከራሱ ስጀምር እጄን ያዙኝ።

"ከጅራት ወደ ራስ ነው፣ ልጄ" አሉ። "እንዲህ።"

ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ጠረጴዛው ላይ፣ እንጨቱ ላይ፣ አሰቤው ሸሚዝ ላይ ተለጠፈ። እማማ ሳያነሱት ወደ ሁለተኛው ዓሣ አለፉ።